የጥቅምት አጥንት

«ለእትዬ የሺማ ከኩሽናው ጎን ያለችው የሠራተኛ ክፍል አለች አይደል? ለሥራቸውም ትቀርባቸዋለች።»

ይህን የተናገረችው ጽዮን ናት፤ የእትዬ የሺዓለም ታናሽ ወንድም የእምሩ ሚስት። የተናገረችውም ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ቁጭ ብላ፣ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች፣ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ ነው። ሳሎኑንና ማድ ቤቱን የሚለየው አንድ ኮምፔርሳቶ ብቻ ነው፤ እሱም ከግርጌው ውሃ ጠጥቶ ተላልጧል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የፒያሳ ኮምፔርሳቶ ግን ለማንም ባዳ ሆኖ አያውቅም። እትዬ የሺ በዚያ ሰዓት ዱባ እየላጡ ነበር። ቢላዋው ልጣጩ ውስጥ እንደገባ ቆመ። ከጽዮን አፍ የሚወጣው ብዙም አያስደንቃቸውም፤ የጠበቁት የወንድማቸውን መልስ ነው። እምሩ አንድ ነገር ይላል ብለው ጠበቁ። «ኧረ እህቴ ናት» ይላል፤ «ታላቄ ናት» ይላል፤ ሌላው ቢቀር «ቀስ በይ፣ ትሰማለች» ይላል። እምሩ ሻዩን ፉት ሲል ሰሙት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ትበቃታለች፤ እትዬ ምን ዕቃ አላት?» አለ። በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት ልጁ ሚኪያስ ደግሞ ሦስተኛውን መኝታ ቤት ለእንግዳ ማድረግ ጥሩ ሐሳብ እንደሆነ ተናገረ። ገና ላልመጣ፣ ስሙ እንኳ ለማይታወቅ እንግዳ አልጋ ሊነጠፍለት ነው። እናቷ ቤት ተወልዳ እናቷ ቤት ለሸበተች እህት ግን ያቺ ቀዳዳ ትበቃታለች።

ባለፈው ሳምንት ሁሉም አብረው አዲሱን ቤት አይተው ነበር። ሰፈሩ ሊነሳ ነው፤ ከጎናቸው ያለው ግቢ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ለእነሱም በምትኩ ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ አፓርታማ ደርሷቸዋል። እትዬ የሺ ደረጃውን እያረፉ ወጥተው ክፍሎቹን ሲዞሩ ሦስተኛው መኝታ ቤት ላይ ቆም አሉ። ጠበብ ያለ ቢሆንም ትልቅ መስኮት አለው፤ የጠዋት ፀሐይ እስከ በሩ ድረስ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ማንም ምንም ሳይላቸው የእኔ ነው ብለው ቆጠሩት። መጋረጃውን በልባቸው ሰቀሉ፤ አልጋቸውንም በልባቸው አስጠጉ። ከኩሽናው ጎን ያለችውንም ክፍል አይተዋታል። መስኮት የላትም፤ በሩ ሲከፈት ግድግዳ ይገጫል። ሽንኩርትና ድንች ቢቀመጥባት ይሻላል ብለው ያሰቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ነገሩን የሚያንገበግበው ደግሞ ቤቱ የማን እንደነበር ለማንም አለመጥፋቱ ነው። ምትክ የመጣበት ይህ ቤት የእናታቸው ነው። እናታቸው አልጋ ላይ ሲቀሩ የልብስ ስፌት ሥራቸውን ትተው ያስታመሟቸው፣ አፈር እስኪለብሱ ድረስ ከአጠገባቸው ያልተነቃነቁት እትዬ የሺ ናቸው። እምሩ የመጣው በኋላ ነው። የተከራየው ቤት ባለቤት አስወጥቶት፣ ሚስቱን ይዞ፣ ሚኪያስ ገና ጡት ሳይጥል፣ «ለጊዜው ነው እትዬ» ብሎ ገባ። ሚኪያስ ዛሬ ባንክ ይሠራል፤ ጊዜውም አላለቀም። ጽዮንም በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «አንቺ» ብላቸው አታውቅም፤ «እርስዎ» ትላለች፤ «እርስዎ ይምጡ፣ እርስዎ ያቅርቡ፣ እርስዎ ይጠቡት»። ሰው ስድብ ብቻ የሚያዋርድ ይመስለዋል፤ አንቱ እየተባሉ መዋረድም አለ፤ እሱ ደግሞ ለማንም አቤት አይባልበትም።

እትዬ የሺ ሆድ ይፍጀው ብለው ዱባውን በሻሽ ሸፈኑትና ነጠላቸውን ደርበው፣ ዘንቢላቸውን አንስተው ወጡ። ሳሎኑን ሲያቋርጡ ወሬው ስለ መጋረጃ ሆነ። «እትዬ፣ አጥንቱን እንዳትረሺ» አለ እምሩ፤ «ቅልጥም ይኑርበት። በጥቅምት አንድ አጥንት! ሐድጉም ይመጣል።» አቶ ሐድጉ በፈረሰው ግቢ ይኖሩ የነበሩ የድሮ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ቀድመው ስለተነሱ ዛሬ ለምሳ ተጠርተዋል። «እሺ» አሉ እትዬ የሺ። ሌላ ቃል ቢወጣቸው ምን እንደሚከተል አያውቁም።

ከቤታቸው እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ያለው ቁልቁለት በጥቅምት ያምራል። ክረምቱ ያጠበው ሰማይ ጥርት ብሏል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ግን ጆሮ ይቆርጣል። ሰው ፀሐይ ፀሐዩን እየመረጠ ይሄዳል። በየጉልቱ እሸት ባቄላ ተቆልሏል፤ ዱባው ተሰንጥቆ ብርቱካንማ ሆዱን ለመንገደኛ ያሳያል። በሌላ ቀን ቢሆን እትዬ የሺ ይህን ሲያዩ ልባቸው ይከፈት ነበር፤ የዓመቱ መልካም ምግብ የሚገኝበት ወር ነው፤ በትንሽ ነገር ብዙ ይሠራል። ዛሬ ግን «ምን ዕቃ አላት» የሚለው ቃል ከኋላ ከኋላቸው ይከተላቸዋል። እውነት ነው፣ ዕቃ የላቸውም። ያላቸውን ሁሉ ድስት ውስጥ ጨምረው ለእነሱ አብልተዋል።

መይሙና ከድልድዩ በላይ፣ ጥግ ላይ፣ ጆንያ አንጥፋ ትሸጣለች። ወልቂጤ የተወለደች፣ አራዳ ያረጀች ሴት ናት፤ ገና ከሩቅ ስታያቸው ከኋላዋ ካለው ቅርጫት አንድ እስር ጎመን አወጣች።

«ለጋ ለጋውን ለእርስዎ ደብቄ ነው። ሁለት ሰው ጠይቆኝ ተሽጧል ብያለሁ» አለች። «ጾምዎ ገና ነው አይደል? መቼ ነበር የሚፈቱት?»

«ለቁስቋም።»

«አይዞዎት፣ ደረሰ። ሽንኩርቱን ግን አይጠይቁኝ፤ ዛሬ መቶ ሃያ ገብቷል። ለእርስዎ መቶ አሥር።»

«ሌላ ጊዜ እከራከርሽ ነበር፤ ዛሬ አቅም የለኝም።»

መይሙና ሚዛኑን ይዛ ቀና አለችና ፊታቸውን አየች። «ታመዋል እንዴ?» አለች። ብርዱ ነው አሏት። አላመነቻቸውም፤ ግን ሰው በማይናገረው ነገር አትገባም፤ እፍኝ እሸት ባቄላ መረቀችላቸውና ዘንቢሉን ራሷ አንስታ ክንዳቸው ላይ አንጠለጠለችላቸው። እትዬ የሺ ትንሽ ሄድ እንዳሉ ዓይናቸው ላይ ያቀረረውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ያስለቀሳቸው ምን እንደሆነ ለራሳቸውም አልገባቸውም፤ ንዴቱ ይሁን ጎመኑ።

ሉካንዳው ቤት ሰልፍ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ሁሉም አጥንት ያምረዋል። ቅልጥም ድሮ ለደንበኛ በምርቃት ይሰጥ ነበር፤ አሁን ለብቻው ይመዘናል፣ ለብቻው ይከፈላል፤ ደግሞ ማልዶ ያልመጣ አያገኘውም። አንዲት ትልቅ ቅልጥም፣ ጥቂት የጎድን አጥንትና ሥጋ አስቆርጠው አቀበቱን ተያያዙት። ጉልበታቸው በየእርምጃው ይንቋቋል። አሁንም አሁንም እየቆሙ ያርፋሉ፤ ባረፉም ቁጥር ያቺ መስኮት የሌላት ክፍል ትመጣባቸዋለች፤ በየቀኑ ማለዳ በዚያ ጨለማ ውስጥ እየነቁ መብራት ማብራት ይታያቸዋል።

ማድ ቤት ሲገቡ ሁለት ድስት ጣዱ። አንዱ የቤተሰቡ ነው፣ አንዱ የራሳቸው። አጥንቱን በሁለት ውሃ አጥበው ጣዱትና አረፋውን ግፍፍ አደረጉ፤ ሽንኩርቱን ከነጭንቅላቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ መጨረሻ ላይ ቃሪያና ጥብስ ቅጠል። ስቡ ከላይ ሲንሳፈፍ በጭልፋ እየቀዱ አወጡት። ይህን የሚያደርጉት እምሩ ባለፈው ክረምት ደም ግፊቱ ተነስቶበት ሐኪም ቤት የገባ ጊዜ ሐኪሙ የተናገረውን ቆመው ያዳመጡት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ጨው ይቀነስ፣ ስብ ይቅር፣ አትክልት ይብዛ። ጽዮን በዚያ ሰዓት ስልክ ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የወጣውን እየተከተሉ ቅንጬውን፣ ጎመኑን፣ እሸቱን፣ ዱባውን እያፈራረቁ ሰውየውን ወደ መልኩ መለሱት። ጠያቂ ሲመጣ እምሩ ደረቱን ነፍቶ «ጽዮን ናት የጠበቀችኝ» ይላል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው! እትዬ የሺም ይህን እየሰሙ ሻይ ያቀርባሉ።

የአጥንቱን ጨው አልቀመሱም። የጽጌን ጾም ይጾማሉ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዘለውት አያውቁም። ሁዳዴንማ ቤቱ ሁሉ ይጾማል፤ ጽጌ ግን የፈቃድ ስለሆነ የፈለገ ይጾማል፣ ያልፈለገ ይበላል፤ የሚጾምም አይለፍፍም። ስለዚህ በዚህ ወር ለቤተሰቡ ሥጋውን ሲሠሩ እንፋሎቱን አሽትተው፣ ጨዉን በጣታቸው መጥነው ይጨምራሉ፤ አንድም ቀን አልሳቱም። ለራሳቸው ደግሞ ዱባውን በዘይትና በትንሽ በርበሬ ይሠራሉ፤ እሸት ባቄላውን ሁለቴ ፈልፍለው ጎመኑ ውስጥ ይጨምሩታል። ሌሎቹ ከበሉ በኋላ ዱካቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ጀርባቸውን ለኮምፔርሳቶው ሰጥተው ይበላሉ። የሚጣፍጥ ምግብ ነው፤ የሚበሉት ብቻቸውን ነው።

አቶ ሐድጉ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንድ ፌስታል መንደሪን ይዘው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ አናጢ ነበሩ፤ ገና ሳይቀመጡ የበሩን ማጠፊያ እያዩ «ይቺን እኮ እኔ ነኝ የሠራኋት» አሉ። ማድ ቤት ድረስ ገብተው እትዬ የሺን ትከሻ ለትከሻ ሳሟቸው፤ ከኮምፔርሳቶው ወዲህ እንግዳ ገብቶ ስለማያውቅ እትዬ የሺ እጃቸውን የሚያብሱበት ጠፋቸው። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ትሪው ላይ እንጀራ ተነጠፈ፤ ቅቅሉ በጎድጓዳ ሳህን እየተቀዳ ለየሰዉ ደረሰ። እምሩ መረቁን ፉት ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። «ብርድ ድራሹ ጠፋ!» አለ። አቶ ሐድጉ ሁለቴ አስጨመሩ። እትዬ የሺ እንደ ልማዳቸው በማድ ቤቱ በር ላይ ጭልፋቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ማን ምን እንደጎደለው ያያሉ።

ወሬው ወደ አዲሱ ቤት ዞረ። ውሃው አራተኛ ፎቅ ይደርሳል ወይ፣ ቡና ቤት አለ ወይ፣ ታክሲው እስከ አራት ኪሎ ስንት ያስከፍላል ተባለ። አቶ ሐድጉ አፋቸውን ጠረግ አድርገው፣ ምንም ክፋት ሳያስቡ፣ ፈገግ ብለው ጠየቁ።

«እትዬ የሺስ? የትኛው ክፍል ነው የደረሳቸው?»

ሚኪያስ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። እምሩ አጥንት ላይ የሌለ ሥጋ መፈለግ ጀመረ። በዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ አዲስ አይደለም፤ አንዱ የአንዱን ነገር የሚያልፍበት፣ የሚያለባብስበት ዝምታ ነው። ሌላ ጊዜ እትዬ የሺ ናቸው «መረቅ ልጨምር?» ብለው የሚሰብሩት። ዛሬ አልሰበሩትም። የሰበረችው ጽዮን ናት።

«እሳቸው መቼም ከኩሽና መራቅ አይወዱም» አለች እየሳቀች። «ከጎኗ ያለችዋን ክፍል በጣም ወደዋታል። ራሳቸው ናቸው የመረጧት።»

እስከዚህች ደቂቃ ድረስ እትዬ የሺ ነገሩን ውጠው ሊያድሩ ይችሉ ነበር። ብዙ ውጠዋል። ግን ሰውን ጨለማ ውስጥ ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ ወዶ ነው የገባው ብሎ በላዩ መመስከር ሌላ ነው። ጭልፋውን ቡፌው ላይ አስቀመጡ፤ ግድግዳው ጋ ያለውን ባዶ ወንበር እየጎተቱ አመጡና በእምሩና በአቶ ሐድጉ መካከል፣ ገበታው ላይ ተቀመጡ። የወንበሩ እግር ሲሚንቶውን ሲፍቀው ሁሉም ቀና አለ። እትዬ የሺ ከእንግዳ ጋር ገበታ ሲቀርቡ ያየ የለም።

«አልመረጥኩም» አሉ። «ማንም አልጠየቀኝም።»

የጽዮን ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። እምሩ እንግዳ ፊት ነገር እንዲነሳ አይወድም፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት ዓይነት ሰው ነው። ነገሩን በጨዋታ ሊያልፈው ፈለገ። ከሳህኑ ውስጥ ያቺን ትልቋን ቅልጥም፣ ለራሱ ያቆያትን፣ በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ እህቱ ዘረጋት።

«በይ እትዬ፣ ዛሬስ ከእኛ ጋር ብዪ! በጥቅምት አንድ አጥንት። ትልቁን ለትልቅ!»

ሚኪያስ ሳቀ፤ ጽዮንም ተንፈስ አለች። ቅልጥሟ ተሰጠች ማለት ለእነሱ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እትዬ የሺ አጥንቷን አዩዋት። መረቁ በእምሩ አንጓ ላይ ይንጠባጠባል። እጃቸውን አልዘረጉም።

«እምሩ፣ እኔ ጽጌን እጾማለሁ።»

«ምን?»

«ጽጌን። እናታችን እያለችም እጾም ነበር። አንተ እዚህ ቤት ከገባህም ወዲህ በየዓመቱ ጾሜያለሁ።»

«ታዲያ አልነገርሽንማ!» አለ እምሩ፤ አሁንም ጥፋቱ የእሳቸው እንዲሆን።

«ለመይሙናስ መቼ ነገርኳት?» አሉ እትዬ የሺ። «ጉልት ቁጭ ብላ ጎመን የምትሸጥልኝ፣ በሃይማኖት እንኳ የማንገናኝ መይሙና፣ ዛሬ ጠዋት ለጾምዎ ብላ ለጋውን ደብቃ ጠበቀችኝ። ዘንቢሌን አይታ ነው ያወቀችው። አንተ ስንት ዓመት ከእጄ በላህ? እኔ ምን እንደምበላ አንድ ቀን ጠይቀሃል? ይህን አጥንት ስሠራልህ አልቀመስኩትም፤ አሽትቼ ነው የመጠንኩልህ፤ እሱንም ዛሬ ነው የሰማኸው።»

አቶ ሐድጉ የያዙትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡ። ጽዮን «እትዬ የሺ፣ እርስዎ ደግሞ፣ እንግዳ ፊት…» ማለት ጀምራ ነበር፤ እትዬ የሺ ዞር ብለው አዩዋት።

«ስለ እንግዳማ ጠዋት ሰምቻችኋለሁ። ሦስተኛው ክፍል ለእንግዳ ነው ብላችኋል። ጥሩ። እንግዳው እኔ ነኝ። ምን እንደምበላ እንኳ የማታውቁኝ እንግዳ ከእኔ ሌላ ከየት ይመጣላችኋል? መስኮት ያለው ክፍል የእኔ ነው። ያቺን ቀዳዳ ሽንኩርት ጨምሩባት። ሠራተኛ ከፈለጋችሁም ቅጠሩ፤ እሷንም ግን ሰው ናትና እዚያ እንዳታስተኟት።»

ከውጭ፣ ከፈረሰው ግቢ በኩል፣ ነፋሱ የአጥሩን ቆርቆሮ ያንኳኳል። እምሩ ቅልጥሟን የሚያስቀምጥበት ጠፍቶት ቆየ፤ መጨረሻ ላይ ሳህኑ ውስጥ መለሳትና እጁን ማበስ እንኳ ረስቶ አቀረቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ የእህቱን እጅ አየ፤ ገበታው ላይ ተጋድሞ ነበር፤ የዱባው ቀለም ጥፍሩ ሥር ገብቷል።

«ክፍሉ ያንቺ ነው እትዬ» አለ ቀስ ብሎ።

«ነው እንጂ» አሉ።

አላመሰገኑትም። የራስ ነገር ሲመለስ ምስጋና የለውም። ወንበሩን ወደ ገበታው ጠጋ አደረጉ፤ ቀኑን ሙሉ እህል በአፋቸው እንዳልዞረ አሁን ገና ትዝ አላቸው።

«ሚኪያስ፣ የዱባዬን ድስት አምጣልኝ።»

ሚኪያስ ስልኩን ጥሎ ተነሳ። ድስቱን በባዶ እጁ ይዞ እየተቃጠለ፣ እየዘለለ አመጣው። ክዳኑ ሲነሳ የዱባውና የበርበሬው ሽታ ሳሎኑን ሞላው፤ አቶ ሐድጉ ሳያስቡት አንገታቸውን አሰገጉ። ትሪው ላይ ያለው እንጀራ ሁሉ የሥጋ መረቅ ነክቶታል።

«ጽዮን፣ አንቺ ደግሞ እንጀራ አምጪልኝ፤ ያልተነካ።»

ጽዮን ባሏን አየች። ባሏ ቀና አላለም። ተነስታ ማድ ቤት ገባች። ክዳን ሲከፈት፣ ቁምሳጥን ሲዘጋ፣ አንድ ነገር ወድቆ ሲንከባለል ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። በኮምፔርሳቶው ውስጥ ድምፅዋ ቀጠን ብሎ መጣ።

«እትዬ የሺ… እንጀራው የት ነው የሚቀመጠው?»

እትዬ የሺ እግራቸውን ከገበታው ሥር ዘረጉ፤ ጀርባቸውንም ለወንበሩ ሰጡ።

«ፈልጊው» አሉ፤ «ታገኚዋለሽ።»